ቋንቋና ጤና ጥበቃ በሃቫና ከተማ

ሐኪም በሽተኛውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያምዎታል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን የሚመጣው በበሽተኛው አፍ እንጂ በሐኪሙ መጽሐፍ ቋንቋ አይደለም። ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የላኩ ወይም ሊልኩ የሚያስቡ ብዙ ወላጆች በአንባብያን መካከል ይገኛሉ። ስለዚህም በዩኒቨርሲቲ ተማሪነታችን ጊዜ የእስፓኝን ቋንቋና የሕዝብ ጤና አጠባበቅን በአንድነት ልንማር ወደ ኩባ ደሴት ሄደን ያየነውን ብንጽፍ ጥቅም ይኖረዋል ብለን አሰብን። የውጭ አገር ነገር ሲነሣ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችን ግን በዓመተ ምሕረት መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ኩባ ለኢትዮጵያዊ ፈጽማ ባዕድ አገር አይደለችም። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ የወደቁትም የሚታሰቡበት የትግላችን ሐውልት በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ በሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው፥ ከዋናው ደሴት በስተ ደቡብ ወዳለችው የወጣቶች ደሴት ተወስደው ተምረዋል። በዚያም የቀኑን እኩሌታ በክፍል፥ እኩሌታውን በፍራፍሬ እርሻ እያሳለፉ አደጉ፤ ሐኪም፥ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ ሆነው የተመለሱም ብዙዎች ናቸው። እኛ ከእነርሱ በዕድሜ እናንሳለን፤ ነገር ግን ከእነዚሁ ታላላቆቻችን አንዱ ከመሄዳችን በፊት «ቋንቋውን ከደብተር አትማሩ፤ ከደጃፍ ተማሩ» ብሎ የመከረንን ምክር ይዘን ሄድን።

ወደ ሃቫና የደረስነው በ2002 መጀመሪያ ላይ ነው። በኤውሮፓ ከምንማርበት ዩኒቨርሲቲ የተላክን ተማሪዎች ስድስት ስንሆን፥ ኢትዮጵያዊው የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ብቻ ነበር። ሃቫና ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የድንጋይ ግንብ ከባሕሩ ጋር ተዋስና የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤቶቿ ባለ ረጃጅም ዓምድ ናቸው፤ ቀለማቸውን ግን የባሕር ጨው ልጦታል። በዚያን ጊዜ ሕዝቡን የሚያመላልሰው በከባድ መኪና ራስ የሚጎተት፥ ጀርባው ሁለት ቦታ ላይ ያበጠ ግዙፍ ሠረገላ ነበርና የአገሩ ሰዎች «ግመል» ይሉት ነበር፤ ግመሎቹ በ2008 ከከተማዋ ተወግደዋል። ምግባቸው ሩዝና ጥቁር ባቄላ በአንድነት የተቀቀለ ነው፤ ስሙም «ሞሮስ ኢ ክሪስቲያኖስ» ይባላል፤ እስላሞችና ክርስቲያኖች ማለት ነው፥ ጥቁሩና ነጩ ስለ ተቀላቀለ። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ይህ ምግብ ተገኘልን ብለን ደስ ባለን ማግሥት፥ ያሳደሩን እመቤት የአሳማ ስብ እንደሚጨምሩበት ነገሩን፤ እንግዲህ እስከ ፋሲካ ሙዝና ነጭ ሩዝ ሆነ።

ትምህርታችን ከጧት እስከ ቀትር ሰዋስው፥ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከሰፈር ሐኪም ጋር ቤት ለቤት መዞር ነበር። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግስ ስንገሥጽ ያደግን ስለሆንን፥ የእስፓንኛ ግስ እንደ ባለቤቱ ሲለዋወጥ እንግዳ አልሆነብንም። ይልቁንም በየቀኑ የገዛ ቋንቋችንን የሚመስል ነገር እናገኝ ነበር። የእንግሊዝ ልጅ «ራስ ምታት አለኝ» ይላል፤ ሕመሙን እንደ ገንዘብ የያዘው ይመስላል። እስፓንኛ ተናጋሪ ግን «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል፤ ይኸውም «ራሴን ያመኛል» እንደምንለው ነው። በሁለቱም ቋንቋ ሕመሙ አድራጊ፥ ሰውየው ተቀባይ ነው። ኤውሮፓውያን ጓደኞቻችን ይህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ሲቸገሩ እኛ በአንድ ጧት ተሻገርነው። ፊደሉም እንዲሁ ነው። «ኘ» የሚለው ድምፅ በእንግሊዝኛ የራሱ ፊደል የለውም፤ በእስፓንኛ ግን በ«ን» ፊደላቸው ራስ ላይ ትንሽ ሰረዝ ይጨምሩበታል። እኛስ «ኘ»ን የሠራነው በ«ነ» ራስ ላይ ሰረዝ ጨምረን አይደለምን? ይህን ለመምህርታችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስናሳያቸው በጣም ተደነቁ።

ዐረቦች ከ711 እስከ 1492 ድረስ በእስፓኝ ምድር፥ በመጨረሻም በደቡቡ ክፍል ብቻ፥ ስለ ገዙ የገበያውና የወጥ ቤቱ ቃል ብዙው ከዐረብኛ የተወረሰ ነው። ዘይት «አሴይቴ»፥ ስኳር «አሱካር»፥ ሩዝ «አሮስ» ይባላል። እኛም እነዚህን ቃላት በባሕረ ኤርትራ በኩል ተቀብለናቸዋልና፥ በሃቫና ሱቅ ገብተን ስንጠራቸው የሩቅ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ሆንን። ከሁሉ ያስገረመን «ሜስኪኖ» የሚለው ቃል ነው። ከእኛ «ምስኪን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ነገር ግን ምስኪን በእኛ ዘንድ ሰው የሚያዝንለት ሲሆን፥ በእስፓንኛ ቃሉ ከድህነት ወደ ንፉግነት ዞሮ «ቆጥቋጣ» ማለት ሆኗል። ቃልም እንደ ሰው በስደት ጠባዩን ይለውጣል።

አክብሮትን በተመለከተ «ቱ» አንተና አንቺ፥ «ኡስቴድ» እርስዎ ነው። «ኡስቴድ» ከጥንት «ቸርነትዎ» ከሚል የማዕርግ አጠራር አጥሮ የመጣ ነው፤ ግሱም የሚነገረው ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ሳይሆን ስለ ሩቅ ሰው እንደሚነገር ነው። በእኛም ቋንቋ «እርስዎ መጡ» ስንል ግሱ «እነርሱ መጡ» ከማለት አይለይም። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ታላቅን ሰው ለማክበር አንድ መንገድ መርጠዋል፤ ራቅ አድርጎ መጥራት። ኩባውያን ግን በመንገድ ላይ «ቱ» ማለትን ያበዛሉ፤ ይህን አልወደድነውም።

በሐኪም ቤት በር ላይ እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ጥቃቅን መሆናቸው ይቀራል። «ኤስታ ማሎ» ማለት «ታሟል» ነው፤ «ኤስ ማሎ» ማለት ደግሞ «ክፉ ሰው ነው»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብትመስልም ስለ አንድ አባት ለልጁ ስትነገር ልዩነቷ ብዙ ነው። ሴት ስትወልድ «ዳር አ ሉስ» ይላሉ፤ ለብርሃን ሰጠች ማለት ነው። እኛ «ተገላገለች» እንላለን፤ እነርሱ የሚያስቡት ወደ ብርሃን ለሚወጣው ሕፃን፥ እኛ ከጭንቅ ለምትለይ እናት ነው።

አሁን ወደ ሰፈሩ ሐኪም እንምጣ። በኩባ አብዮት በ1959 በሆነ ጊዜ በአገሪቱ ከነበሩት 6000 ያህል ሐኪሞች እኩሌታ ያህሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገራቸውን ለቀው ሄዱ። ከዚህ የተነሣ መንግሥቱ ሐኪም ማሠልጠንን ዋና ሥራው አደረገ፤ በ1984 ደግሞ የቤተሰብ ሐኪም የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። በመጀመሪያው አሳብ አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ ለ120 ቤተሰብ ያህል ይመደባሉ። «ኮንሱልቶሪዮ» የሚባለው የሕክምና ክፍል ምድር ቤት፥ የሐኪሙ መኖሪያ ደግሞ ፎቁ ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ሐኪሙ የበሽተኛው ጎረቤት ነው፥ ሌሊትም ቢሆን በሩ ይመታል። ጧት በሽተኞች ወደ እርሱ ይመጣሉ፤ ከቀትር በኋላ እርሱ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ይህንንም መውጣት «ቴሬኖ» ይሉታል፤ መሬት፥ ሜዳ ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መዝገብ አለ፤ ሰውም ሁሉ በአራት ምድብ ተጽፏል። የመጀመሪያው «ጤነኛ የሚመስል»፥ ሁለተኛው እንደ ትምባሆ ያለ ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር ያለበት፥ ሦስተኛው የታመመ፥ አራተኛው ደዌ ወይም አደጋ ጉድለት የተወበት ነው። ጤነኛ የሚባል ምድብ አለመኖሩን አንባቢ ልብ ይበል፤ «የሚመስል» ብቻ ነው። ጤነኛ የሚመስለውንም ሐኪሙ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማየት ይገባዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከሐኪም ቤት ርቃ የምትኖር ወይም የሚያሠጋ ነገር ያለባት ብትሆን የመውለጃዋ ቀን እስኪደርስ በእናቶች ማረፊያ ቤት ትቀመጣለች፤ እንዲህ ያለ ቤት ኩባውያን ከ1962 ጀምሮ አላቸው።

እኛ የተመደብንባት ሐኪም አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፥ ትዕግሥታቸው ብዙ፥ ጫማቸው ያረጀ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ሰማንያ ዓመት ወደ ሞላቸው አንዲት የደም ግፊት በሽተኛ ቤት ሄድን። ከጓደኞቻችን አንዱ በወረቀት የተጻፈውን ጥያቄ በንጹሕ እስፓንኛ አነበበ፤ «መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» «አዎ፥ ልጄ።» «ጨው ቀንሰዋል?» «አዎ፥ ልጄ።» ጥያቄው አለቀ፥ መልሱም ሁሉ ተጻፈ። የደም ግፊታቸው ሲለካ ግን እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «አቡዌላ፥ ቡና የለም እንዴ?» አሉ፤ አቡዌላ ማለት አያቴ፥ እማማ እንደ ማለት ነው። በትንሽ ስኒ ጣፋጭ ጥቁር ቡና መጣ። ባሕር ተሻግሮ ስለሄደው ልጃቸው፥ ስለ ጣራው ማፍሰስ፥ ስለ ሩዙ ራሽን ጨዋታ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ክኒኑን አንድ ቀን እንደሚውጡና አንድ ቀን እንደሚተዉ ነገሩ፤ የተተወውን ለጎረቤታቸው ይሰጣሉ።

ጎረቤቲቱ ከምሥራቁ አውራጃ የመጣች ሴት ናት። በ1997 በወጣው ድንጋጌ ከሌላ አውራጃ መጥቶ በሃቫና ለመኖር ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ እርሷ ፈቃዱ የላትም፥ በሰፈሩ መዝገብ አልተጻፈችም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በሽታ መድኃኒት የሚታደልበት ካርድም በዚያ ሰፈር የላትም። እንግዲህ ሁለት ሴቶች በአንድ ሰው መድኃኒት ይኖራሉ፥ ሁለቱም አይድኑም። ሐኪሟ ይህን ሰምተው በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ምንም አልጻፉም፤ ብድግ ብለው የጎረቤቲቱን በር አንኳኩ። የሴቲቱን ደም ግፊት ለክተው፥ ስሟን በራሳቸው ትንሽ ደብተር ጻፉ። ወደ ውጭ ስንወጣ «ያቺን ወረቀት ያዘጋጀ ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል፤ ሴትዮዋም የጨዋ መልስ መልሰዋል» ብቻ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ከቡና በኋላ እንጂ ከቡና በፊት አላወጣነውም።

ሌላም ነገር አየን። በሕፃናት ልብስ ላይ «አሳባቼ» የሚባል ጥቁር ዶቃ ይሰካል፤ ስለ ዐይን ነው። ቡዳ በላው የሚባልበት አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅ ሆዱ ሲነፋና ሲያስቀምጠው ደግሞ «ኤምፓቾ» ነው ይሉና እጇ የተባረከ ወደምትባል ሴት ወስደው በዘይት ያሳሹታል። ከእኛ አንዷ ተማሪ በዶቃው ሳቀች። ሐኪሟ ግን እናቲቱን «ሆዱን አሳሽተሽለታል?» ብለው በረጋ ድምፅ ጠየቋት። «አዎ፥ ሁለት ቀን» አለች። ከዚህች ቃል ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ሁለት ቀን እንደ ሆነው፥ ውኃም እያነሰው እንደ ሄደ ተረዱ፤ የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ውሕድ ሰጥተው በማግሥቱ ራሳቸው ተመለሱ። ዶቃውን አልነኩትም። ከእኛ ወገን አንዳንዱ በዚህ ላይረካ ይችላል፤ የሐሰት እምነት መነቀል አለበት ይላል። እኛም በክፍላችን እንነቅለዋለን። ነገር ግን ሕፃን ውኃ አንሶት ባለበት ሰዓት የሚቀድመው ውኃው ነው።

በዚያ ወራት ሃቫና የዴንጌ ወረርሽኝ ገብቶባት ነበር። ዴንጌ ትንኝ የምታስተላልፈው፥ አጥንት የሚሰብር የሚመስል ትኩሳት ነው፤ በ1981 በኩባ 158 ሰዎች ሞተውበታል፥ ከእነርሱም 101ዱ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ተነሥቶ ነበር፤ ጭስ የሚነፋ መሣሪያ የተሸከሙ ጎልማሶች በየቤቱ ይገባሉ፤ እኛም በርሜሉን፥ የአበባ ማስቀመጫውን፥ የተጣለውን ጎማ እየመረመርን ውኃ እንደፋ ነበር። ትንኟ የምትራባው በቆሻሻ ረግረግ ሳይሆን ሰው ለመጠጥ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ መሆኑን ለባለቤቶች ማስረዳት ብዙ ቃል ይጠይቃል፤ ቧንቧ በየጊዜው በሚቋረጥበት ከተማ ማን ውኃውን ይደፋል? የኋላ ኋላ በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ዴንጌ መግባቱን ስንሰማ፥ በዚያም ሰው በበርሜል ውኃ እንደሚያጠራቅም እናውቅ ስለነበር የሃቫና ጓሮዎች ትዝ አሉን።

ትንኝ በሽታ እንደምታስተላልፍ ለዓለም ከተናገሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሃቫናው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ነው። በነሐሴ 1881 በከተማዋ የሳይንስ አካዳሚ ተነሥቶ ቢጫ ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት አለ። ፊንላይ በልጅነቱ ታሞ ምላሱ ስለ ተያዘ እየተንተባተበ ይናገር ነበር። ሃያ ዓመት ያህል የሰማው አልነበረም፤ እስከ 1900 ድረስ፥ የአሜሪካ ሠራዊት ሐኪሞች ሙከራ አድርገው እውነት መሆኑን እስኪያረጋግጡ። ዛሬ በማሪያናኦ ሰፈር በመርፌ አምሳል የተሠራ ከፍተኛ ሐውልት ቆሞለታል። መምህርታችን በሐውልቱ ሥር ሲያልፉ «ተንተባታቢን አድምጡ» ይሉን ነበር፤ እኛ ሁላችን በእስፓንኛ ተንተባታቢዎች ነበርንና ሳቅን።

ሁሉን አመስግነን ብናልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆናል። ሐኪም የቤትን ምስጢር ሁሉ የሚያውቅበት ሥርዓት ጥላ አለው፤ መዝገቡን የሚፈራ ሰው አይተናል። ደመወዙም ጥቂት ነው። ብዙ ሐኪሞች በመንግሥት ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ሰፈሩ ያለ ሐኪም ይቀራል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ብዙዎች በፈቃዳቸው ተሰደዋል፥ በመድኃኒት ቤቱም መደርደሪያ ላይ ባዶ ቦታ በዝቷል። በ2018 ከ1000 ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 4 ብቻ ነበሩ፤ በ2021 ከ7 በላይ ሆነዋል። ጥሩ መሠረትም ቢሆን ካልተጠበቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሰነጠቃል።

ወደ አገራችን በተመለስን ማግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ። አሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና መኮንንን፥ የኅብረተሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የኤክስቴንሽኑ ሥራ ግን እስከ ጎጆው በር ደረሰ፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፥ 5000 ለሚያህል ሕዝብ። ከሃቫናው ሐኪም ጋር ሲነጻጸር ሸክማቸው ብዙ፥ ትምህርታቸው ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን አላቸው፤ አብዛኞቹ የሚያገለግሉት የራሳቸውን አካባቢ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሐኪም ግን ሕክምናን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያም ባልቴቲቱ ቀርበው «ምች መታኝ፥ ጎኔን ይወጋኛል» ይሉታል። ይህን በየትኛው ገጽ ላይ አንብቦታል?

እኛ ሐኪም አልሆንንም፤ መምህር ነን። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አያታቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ጠይቀው ሕመም የሚነገርበትን ቃል ጽፈው እንዲያመጡ እናዛለን። አስቀድሞ ቡና እንዲጠጡም እንነግራቸዋለን። ራስ ይፈልጣል፥ ሆድ ይቆርጣል፥ ጎን ይወጋል፥ ጥርስ ይጠዘጥዛል፥ ቃር ያቃጥላል፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው ለሁሉ አንድ ቃል ነው የተጻፈው። ደብተሩ አሁን ሦስተኛው ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ አያቷ በኦሮምኛ የተናገሩትን «መታን ነ ዹኩባ» የሚል አመጣች፤ «ራሴን ያመኛል» ማለት ነው፥ በዚያም ሕመሙ አድራጊ፥ ሰውየው ተቀባይ ነው። ከአማርኛው ሥር ጻፍነው፤ ከእርሱም ሥር «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ብለን ጨመርንበት፥ ልጅቱም ይህ የማን አገር ቋንቋ እንደ ሆነ ጠየቀችን።